ቲማቲም በበረንዳ፦ ሰልፍ ዋተሪንግ ፖት ወይስ የለመድነው ባልዲ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ያ ከስሩ ውሀ የሚይዘው ሰልፍ ዋተሪንግ ፖት የሚሉት። ቲክቶክ ላይ ያየው ሁሉ ጠይቋል መሰለኝ። ስለዚህ የዛሬውን ገፅ እንዳለ ለሱ ሰጥተነዋል። የላካችሁትን አሳጥረነዋል፣ ስማችን አይውጣ ያላችሁ ስለበዛችሁ ደሞ ሁላችሁንም በሰፈርና በከተማ ብቻ ነው የጠራናችሁ።

ከጎተራ

ሰላም እትዬ እንዴት ነሽ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ውሀ በፈረቃ ነው፣ ሲጠፋ ደሞ አንዳንዴ ቀናት ይቆያል፣ በጄሪካን ደረጃ ላይ መሸከም ሰልችቶኛል። በረንዳዬ ላይ አራት ቲማቲም በቀለም ባልዲ ተክያለሁ፣ ውሀ በጠፋ ሰሞን ቅጠሉ ጥምልል ይላል፣ ውሀ ሲመጣ ጥግብ አድርጌ ሳጠጣው ደሞ ፍሬው ይሰነጠቃል። የስራ ባልደረባዬ ሰልፍ ዋተሪንግ ፖት ግዢ ትለኛለች፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። የእውነት ለቲማቲም ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ ፋሽን ነው?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ስለ መሰንጠቁ ላስረዳሽ፣ መልሱ ያለው እዛ ውስጥ ነው። ቲማቲም ሲጠማ የፍሬው ልጣጭ ይጠነክራል፣ መለጠጥ ያቆማል፣ ከዛ ውሀ መጣ ብለሽ በጆግ ስትለቂበት ውስጡ ባንዴ ይነፋል ልጣጩ ግን አብሮት አያድግም፣ ይተረተራል። ስለዚህ ችግርሽ የውሀ ማነስ ብቻ ሳይሆን አንዴ ድርቅ አንዴ ጎርፍ መሆኑ ነው፣ እሱን ደሞ ፈረቃው ነው የሚያመጣብሽ።

ሰልፍ ዋተሪንግ ፖት የሚሰራው ይሄን መዋዠቅ ማስቀረት ብቻ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ከታች ውሀ የሚጠራቀምበት ታንከር አለ፣ ከሱ በላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወለል አለ፣ አፈሩ እሱ ላይ ይቀመጣል፣ ከአፈሩ ትንሽ ክፍል ደሞ እንደ እግር ወርዶ ውሀው ውስጥ ይነከራል፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው በዛ እግር በኩል ውሀው ወደ ላይ ይሳባል፣ ተክሉ የጠጣው ያህል ብቻ ይተካል ማለት ነው። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የትርፍ ውሀ መውጫ ናት፣ ብዙ ሰው ውሀ ታፈሳለች ብሎ ይደፍናታል፣ ኧረ እንዳትደፍኗት፣ በውሀውና በአፈሩ መሀል አየር እንዲኖር የምታደርገው እሷ ናት፣ ስር አየር ካላገኘ ይበሰብሳል።

እና ለአንቺ ቤት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ፍሬው ስለሚጣፍጥ ወይ ስለሚበዛ አይደለም፣ ውሀ ስለማይጠፋበት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው፣ ቧንቧው የማይቋረጥ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ እያየ የሚያጠጣ ሰው በተራ ባልዲ እኩል ምርት ያገኛል፣ እንደዛ አይነት ሰው ገንዘቡን ለፖት ባያወጣ ደስ ይለኛል፣ ጥሩ ኮምፖስት ይግዛበት።

ሱቅ ሄደሽ የምትገዢ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቂ፣ ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል? ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ለሳሎን አበባ የተሰሩ ናቸው፣ ታንከራቸው አንድ ሁለት ሊትር ነው፣ ፍሬ የያዘ ትልቅ ቲማቲም ግን በሞቃት ቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ስለምትል ያን ያህል ላይፈጅ ይችላል፣ ቢሆንም አንድ ሊትር ታንከር ይዘሽ ውሀ ለቀናት ከጠፋ ያው ባልዲው ላይ ነሽ። ሁለተኛ የአፈሩ መጠን፣ አጭር ዝርያ ለምሳሌ ሮማ ቪኤፍ ወይ መልካ ሾላ ከሆነ ለአንድ ተክል 20 ሊትር አፈር ጥሩ ነው፣ ቼሪ ቲማቲም በ10ም በ12ም ይሄዳል። አምስት ሊትር ውስጥ የተተከለ ቲማቲም ፖቱ ምንም አይነት ይሁን ሁሌ እንደተጠማ ነው የሚኖረው። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ በትንሽ ሰልፍ ዋተሪንግና በትልቅ ተራ ባልዲ መሀል ምረጪ ብትዪኝ ትልቁን ባልዲ ነው የምመርጠው።

ሌላው ማንም የማያነሳው የፀሀይ ነገር ነው። ቲማቲም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሀይ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በበጋ ፀሀይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ግን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ስለዚህ በረንዳሽ ወደ ደቡብ ከዞረ የበጋው ተክል ይሆንልሻል፣ ወደ ሰሜን ከዞረ ደሞ በበጋ ቀጥታ ፀሀይ አታገኚም፣ ምንም ፖት አያድነውም። ባልዲውን በረንዳ ብረት ላይ አታንጠልጥዪ፣ 20 ሊትር እርጥብ አፈር ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከታች ሰው ያልፋል።

ከጀሞ

እትዬ እኔ መግዛት አልችልም፣ በባልዲ እቤት ይሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዴት ነው ሚሰራው በደንብ አስረጂኝ፣ አፈሩንስ ከየት ላምጣ? ግቢያችን ያለው ጥቁር አፈር ነው።

መልስ፦ ይሰራል፣ ቀላል ነው። አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት 20 ሊትር ባልዲ ፈልግ፣ የምግብ ዕቃ የነበረ ቢሆን ይመረጣል፣ የቀለም ከሆነ የፕላስቲክ ቀለም የነበረበትን በደንብ ፍቀህ አጥበህ፣ የዘይት ቀለምና የኬሚካል የነበረበትን ግን ተወው። አንዱን አንዱ ውስጥ ስትከተው ከታች ክፍተት ይቀራል አይደል፣ ታንከርህ እሱ ነው። የውስጠኛው ባልዲ ወለል ላይ በጋለ ምስማር ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ መሀሉ ላይ ደሞ የፕላስቲክ ኩባያ አንገቱ ድረስ የሚገባበት ክብ ቁረጥ፣ ኩባያውን ጎንና ጎኑን በስተህ እዛ ውስጥ አስገባው፣ የውጪኛው ባልዲ ወለል ላይ መድረስ አለበት፣ እግሩ እሱ ነው። ከዛ ውሀ የምትሞላበት ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ቀጭን ፒቪሲ ቱቦ፣ ኤሌክትሪሺያኖች ሽቦ የሚያሳልፉበት አይነት ቢሆን ይበቃል፣ የታችኛውን ጫፍ አግድም ሳይሆን ሸርተት አድርገህ ቁረጠው፣ ያለዚያ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ውሀ አያወርድም። መጨረሻ ላይ የውጪኛው ባልዲ ጎን ላይ ከውስጠኛው ወለል ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ፣ የትርፍ ውሀ መውጫ። በቃ።

ግን ልብ በል፣ እንደዚህ የተሰራ ባልዲ ታንከሩ ከ3 እስከ 4 ሊትር ቢይዝ ነው። ለትንሽ ተክል ሳምንት ሊያቆይህ ይችላል፣ ፍሬ ለያዘ ተክል ግን የሁለት ቀን ምናልባት የሶስት ቀን ነገር ነው፣ በቪዲዮ እንደሚሉት ወር ሙሉ ረስተኸው አትሄድም። መሀል ላይ ጠንካራ ቆርቆሮ ወይ የተቆረጠ ወፍራም ቱቦ ደግፈህ ክፍተቱን ከፍ ብታደርገው ታንከሩ ይጨምራል፣ እግሩን አብረህ ማስረዘም ግን እንዳትረሳ፣ የአፈሩ ቦታም ያንን ያህል ይቀንስብሃል።

አሁን ወደ አፈሩ። ጀሞ ያልከው ጥቁር አፈር መረሬ ነው የሚሆነው፣ እሱን እዚህ ውስጥ እንዳታስገባ። ሲረጥብ ጭቃ ሆኖ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከስር ውሀ እየጠጣ ሁሌ እርጥብ ሲሆን ደሞ ስሩን አፍኖ ይገድለዋል። ብዙ ሰው ሰልፍ ዋተሪንግ አልሰራልኝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ፖቱን ይወቅሳል ጥፋቱ የአፈሩ ነው። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን ኮኮፒት፣ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ማለት ነው፣ ካገኘህ ግማሽ እሱ፣ ሩብ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ሩብ ደቃቅ ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ብታደርግ ውሀም ይስባል አየርም ይይዛል፣ ፑሚሱን ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ታገኛለህ። ኮኮፒቱን ከመጠቀምህ በፊት በውሀ ዘፍዝፈህ አንድ ሁለቴ ጨምቀው ጨው ስለሚኖረው። ኮኮፒት ካጣህ የእውነት ነው የምልህ ሰልፍ ዋተሪንጉን ተወው፣ ኮምፖስትና ፑሚስ በትንሽ አፈር ቀላቅለህ ከስር የተበሳ ተራ ባልዲ ላይ ትከል።

እና ሲጀመር ከላይ ነው የሚጠጣው። ደረቅ ኮኮፒት ከስር ውሀ ቶሎ አይስብም፣ መጀመሪያ ሁሉንም አርጥበህ ሙላው፣ ችግኙ ስሩን ወደ ታች እስኪሰድ አንድ ሁለት ሳምንት ከላይ አጠጣ፣ ከዛ በቱቦው ብቻ። ላዩን በፌስታል ሸፍነህ ግንዱ የሚወጣበትን ብቻ ቅደደው፣ ውሀው ወደ አየር እንዳይተን።

ከድሬዳዋ

አቦ ሰላም ነሽ! እዚህ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፣ ጠዋት ያጠጣሁት ከሰዓት ይደርቃል። ሰልፍ ዋተሪንግ ለኛ አገር ነው የተሰራው ብዬ ሶስት ባልዲ ሰራሁ፣ አሁን እናቴ ወባ ልታመጣብን ነው አውጣው እያለች ነው። እሷ ናት ልክ ወይስ እኔ?

መልስ፦ እናትህ ናቸው ልክ፣ ግን ባልዲውን ማውጣት አይጠበቅብህም።

እናትህ የሚሉት ተራ ስጋት አይደለም። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የሚባል ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ ተገኘ፣ ይሄ ትንኝ እንደ ድሮዎቹ ረግረግ አይፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ሰው ለቤቱ ውሀ የሚያጠራቅምበት ዕቃ ይበቃዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሳው ወባ ከሱ ጋር ነው የተያያዘው። ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እናንተው ከተማ ነው የታየው፣ የሱም ትንኝ የዕቃ ውሀ ነው የሚወደው። ያንተ ባልዲ ታንከር ደሞ ጨለማ፣ ቀዝቃዛ፣ የቆመ ውሀ ነው፣ ለትንኝ ከዚህ በላይ ምን አለ።

ስለዚህ የቱቦውን አፍና የትርፍ ውሀ መውጫዋን በደቃቅ የመስኮት ወንፊት ሸፍነህ በሽቦ ወይ በላስቲክ እሰራቸው፣ የሁለቱ ባልዲ አፍ የሚገናኝበት ዙሪያም ክፍተት ካለው በፕላስተር ዝጋው። ውሀውን በወንፊቱ ላይ ነው የምትሞላው። በናንተ ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ሳምንት ከዛ ትንሽ ቢያልፍ ነውና በየሳምንቱ ታንከሩን ጨርሰህ ብትገለብጠው የበለጠ ነው። ይሄን ማድረግ የሚሰለችህ ከሆነ ግን አቦ ተራውን ባልዲ ተጠቀም፣ ቲማቲም ከገበያ ይገዛል። ተራው ፖትም ቢሆን ከስሩ የምታስቀምጡለት ሳህን ውሀ ካቆረ ያው ነው፣ እሱንም ድፉት።

ስለ ሙቀቱ፣ ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ማታም ካልቀዘቀዘ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፣ ውሀ ሞላ አልሞላ ለውጥ የለውም። ለናንተ ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። ጥቁር ባልዲ አትጠቀም፣ ወይ ነጭ ቀባው ወይ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ፀሀይ የመታው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ስሩ ይቀቀላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ ሰላም። ባለፈው በጋ ትልቁን ሰልፍ ዋተሪንግ ሳጥን ገዝቼ ዴክ ላይ አራት ችግኝ ተከልኩበት፣ ሀምሳ ዶላር አይደለም ያወጣሁት። በጁላይ ለሰርግ አትላንታ አምስት ቀን ሄደን ስንመለስ ፍሬዎቹ ከታች በኩል ጥቁር ሆነው በስብሰዋል። እማዬ ካልሲየም ነው የጎደለው ብላ የእንቁላል ቅርፊት ስትደቁስበት ከረመች። ፖቱ ራሱን ያጠጣል ተብሎ አልነበረም እንዴ?

መልስ፦ ራሱን ያጠጣል፣ ራሱን ግን አይሞላም፣ ማስታወቂያው ያቺን ነው የሚዘላት።

የናንተው አይነት ሳጥን፣ ኧርዝቦክስ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ያወጣው የፍሎሪዳ ቲማቲም ገበሬ ነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ስለዚህ ለቲማቲም የታሰበ ነው፣ ታንከሩም ሶስት ጋሎን ማለትም 11 ሊትር አካባቢ ይይዛል። ግን የተሰራው ለሁለት ቲማቲም ነው። አራት ተክለሽ በሜሪላንድ የጁላይ ሙቀት 11 ሊትሩ አንድ ቀን ቢያቆያቸው ነው፣ እናንተ አትላንታ ስትጨፍሩ እነሱ አራቱን ቀን ደርቀው ነው የከረሙት።

እናትሽ ካልሲየም ማለታቸው ትክክል ነው፣ ያ ጥቁር ነገር በሽታ አይደለም፣ ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፣ የሚያደርሰው ውሀ ነው የጠፋው፣ ካልሲየም በውሀ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። የእንቁላል ቅርፊት አፈር ውስጥ እስኪሟሟ ወራት ከዛም በላይ ይፈጃል፣ የዘንድሮን ፍሬ አያድንም፣ ለእማዬ ይሄን ስትነግሪያቸው ቀስ ብለሽ ነው። የሚሻለው ሳጥኑን ስትሞዪ ከመጀመሪያው ዶሎማይት ኖራ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው፣ እነዚህ ሳጥኖች ላይ የሚሞላው አፈር ፒት (ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ተክል) ስለሚበዛበት አሲዳም ነውና ካልሲየሙንም አሲዱንም ያስተካክልልሻል። የጠቆረውን ፍሬ ቀጥፈሽ ጣዪው፣ ውሀው ከተስተካከለ ቀጥሎ የሚመጣው ደህና ይሆናል።

ለዘንድሮ ሁለት ችግኝ ብቻ፣ ሜይ አጋማሽ ላይ ውርጩ ካለፈ በኋላ ትከዪ፣ ጁላይና ኦገስት ላይ በየቀኑ ሙዪው፣ ለጉዞ ስትወጡ ጎረቤት አደራ በሉ ወይ ቧንቧ ላይ የሚገጠም ታይመር ግዙ። ታይመር ከገዛሽ ግን ተራ ፖትም ይበቃሽ ነበር፣ ያው ሳጥኑን አንዴ ገዝተሽዋል።

ከባህር ዳር

ልጄ ጤና ይስጥልን። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ቲማቲሜን በሸክላ ነው የምተክለው፣ ፕላስቲክ ነገር አልወድም። ልጆቼ አባባ ይሄ ኋላ ቀር ነው ውሀ የሚይዘውን እናምጣልህ ይሉኛል። ሸክላው በቶሎ ይደርቃል እውነት ነው፣ ግን ተክሉ ደህና ነው። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ ጋሼ እንደምን አሉልኝ። ሸክላዎን አይጣሉ። ሸክላ በጎኑም ውሀ ስለሚያተን ነው ቶሎ የሚደርቀው፣ ያው ትነት ደሞ ስሩን ያቀዘቅዛል፣ አየርም ያስገባል፣ ውሀ በዝቶበት የሚበሰብስ ቲማቲም በሸክላ ብዙም አያዩም። እርስዎ ቤት ስለሚውሉና በየቀኑ ስለሚያዩት ምንም አልጎደለብዎትም።

ልጆችዎን ዝም ማሰኘት ከፈለጉ ግን ከፕላስቲኩ የቀደመ ሰልፍ ዋተሪንግ እርስዎ እጅ ላይ አለ። ያልተሟሸ ማሰሮ ይግዙ፣ አደራ ያልተሟሸ፣ የተሟሸ ከሆነ ዘይቱ ቀዳዳውን ስለደፈነው ውሀ አያሳልፍም። ውሀ ሞልተው ያሳድሩት፣ ጠዋት ውጪው ካላበው ይሆናል። ከዛ ግማሽ በርሜል ወይ ሌላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ፣ ከስሩ የተበሳ፣ መሀል ላይ አንገቱ ድረስ ይቅበሩት፣ ግራና ቀኙ አንዳንድ ቲማቲም ይትከሉ፣ ማሰሮውን ሞልተው በክዳን ይዝጉት፣ ትንኝም አይጥም እንዳይገባ። አፈሩ ሲደርቅ ከማሰሮው ውሀ ይስባል፣ ሲረጥብ ያቆማል፣ ስሮቹ ማሰሮውን ዙሪያውን አቅፈውት ነው የሚያገኙት። ሁለት ሶስት ቀን እያሳለፉ መሙላት ነው። ኮኮፒት ምናምን አይጠይቅም፣ በተራ ለም አፈር ይሰራል፣ እኔ እንዲያውም ግቢ ላለው ሰው ከሁለቱ ባልዲ ይሄንን አስቀድማለሁ። ችግሩ ቦታ መፈለጉ ነው፣ ትንሽ ፖት ውስጥ ከገባ የአፈሩን ቦታ ይበላዋል፣ ከጊዜ በኋላ ደሞ የውሀው ደለል ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ያኔ መቀየር ነው።

ከአቡዳቢ

እትዬ የምሰራበት ቤት በረንዳ ላይ እንድተክል ተፈቅዶልኛል፣ መቼ ልትከል? የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የኔ እህት ጥቅምት ላይ ትከዪ፣ እስከ ሚያዝያ ትለቅሚያለሽ፣ ከዛ በኋላ የዛ አገር ሙቀት ማንኛውንም ቲማቲም ያቃጥላል፣ አትድከሚ። ስራ በዝቶብሽ ማጠጣት ለምትረሺ ሰልፍ ዋተሪንግ ይጠቅምሻል፣ ታንከሩን ፀሀይ እንዳይመታው ነጭ ጨርቅ ጠቅልዪበት፣ ቼሪ ቲማቲም ይሁን፣ ሙቀት ከትልልቆቹ የተሻለ ይችላል።

ከሰበታ

ሰልፍ ዋተሪንግ ባልዲዬ ላይ ዩሪያ አሟሙቼ ታንከሩ ውስጥ በየሳምንቱ እጨምራለሁ፣ ተክሉ ከኔ ቁመት በልጧል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ፍሬ ግን የለም። አፈሩ ላይ ደሞ ነጭ ነገር እየወጣ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ውሀም አንዳንዴ እሰጠዋለሁ።

መልስ፦ ሁሉንም አቁሚ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን የበዛበት ቲማቲም ቅጠል ሲያሰፋ ይውላል እንጂ ፍሬ ትዝ አይለውም፣ በዛ ላይ ካልሲየም እንዳይገባ ስለሚሻማ ያቺ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጠየቀችው ያየችውን ጥቁረት ያመጣብሻል።

ነጩ ነገር ጨው ነው። እዚህ ላይ ተራው ባልዲ ይበልጣል፣ ከላይ ስታጠጪ ትርፉ ጨው በስሩ ቀዳዳ ታጥቦ ይወጣል፣ ሰልፍ ዋተሪንግ ላይ ግን ውሀ የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ስለሆነ ማዳበሪያውም ሳሙናውም የገባው ሁሉ ላዩ ላይ ይከማቻል። ነጩን ፍቀሽ አውጪው፣ ከዛ ንፁህ ውሀ ከላይ ቀስ እያልሽ በትርፍ መውጫዋ በደንብ እስኪፈስ አጠጪ፣ በወር አንዴ እንደዚህ አድርጊ፣ ውሀው ዝናብ ቢሆን ደሞ የበለጠ። የሳሙና ውሀ ታንከር ውስጥ በፍፁም። የአትክልት እጣቢ ችግር የለውም፣ ምስር ወይ ሩዝ የታጠበበትን ግን ታንከር ውስጥ ካስገባሽው ይቦካና ይሸታል፣ ለተራው ባልዲ ከላይ አፍሺው። ማዳበሪያ ከፈለግሽ ኮምፖስት ላዩ ላይ አልብሺው፣ ታንከሩ የውሀ ብቻ ይሁን።

ከቢሾፍቱ

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የሰልፍ ዋተሪንጉ ቲማቲም ትልቅ ነው ግን ውሀ ውሀ ይላል፣ የተራው ባልዲ ትንንሽ ሆኖ ይጣፍጣል። የኔ ምላስ ነው? ደሞ ክረምት ሲገባ ሁለቱም ቅጠላቸው እየጠቆረ አለቁብኝ። አፈሩን ለሚቀጥለው ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ ምላስህ ልክ ነው። ፍሬው ሊቀላ ሲል ውሀ ትንሽ ያነሰበት ቲማቲም ስኳሩ ይጠነክራል፣ ምርቱ ግን ይቀንሳል። ሰልፍ ዋተሪንጉ ላይም ይሄን ማድረግ ትችላለህ፣ ፍሬው መልክ መቀየር ሲጀምር ታንከሩን ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቀህ ግማሽ ብቻ ሙላ፣ ቅጠሉ እስኪጠወልግ ግን አትጠብቅ፣ ያለዚያ ወደ መሰንጠቁ እንመለሳለን። ለወጥ ከሆነ የምትፈልገው ትልቁ ይሁን፣ ለሰላጣ ከሆነ አስጠማው።

የክረምቱ የብላይት በሽታ ነው፣ ድንችንም የሚገድለው ያው ራሱ፣ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ በቀናት ውስጥ ተክል ይጨርሳል። ለሱ የፖቱ አይነት ምንም አያደርግም፣ ወሳኙ ቅጠሉ መርጠቡ ነው፣ ጣሪያ ስር አስጠጋው፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ቁረጥ፣ ተክሎቹን አራርቃቸው። እኔ ግን ቆላ ካልሆነ በስተቀር በክረምት ቲማቲም አልተክልም፣ ጥር ውስጥ ችግኝ አውርዶ ክረምቱ ሳይበረታ መልቀም ይሻላል። ቅጠሉ ላይ የሚያጠቁር ሳይሆን በቅጠሉ ሁለት ሽፋን መሀል ነጣ ያለ መንገድ እየሰራ የሚበላ ነገር ካየህ እሱ ቱታ አብሶሉታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን የገባው የእሳት እራት ትል፣ ቅጠሉን ቀጥፈህ በፌስታል አስረህ ጣለው፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምረው።

አፈሩን መጣል የለብህም። የታመመውን ተክል ከነስሩ ነቅለህ አስወግድ፣ በሱ አፈር ላይ ግን ቲማቲም ድንች ቃሪያ በርበሬ አትድገም፣ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ ጎመን ወይ ሰላጣ ትከልበት። ሰልፍ ዋተሪንጉን ከመጀመርህ በፊት ውስጠኛውን ባልዲ አውጥተህ ታንከሩን እጠበው፣ የኩባያውን ቀዳዳዎችም እይ፣ የአሮጌው ቲማቲም ስር ጨርሶ ደፍኗቸው ነው የምታገኛቸው፣ ጎመኑ ከላይ እየደረቀ ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ከቀረ ምክንያቱ እሱ ነው።